አንቻርትድ፦ ስድስት ዳይሬክተር የሸኘው ፊልም

የጎተራው

ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር «አንቻርትድ»ን አየን። ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ ፊልሙን የመረጠው ቶም ሆላንድ ስላለበት ብቻ ነው። መሃል ላይ ማርክ ዋልበርግን እያሳየሁት «ይሄ ሰውዬ እኮ መጀመሪያ ዋናውን ልጅ ሆኖ ሊሠራ ነበር» አልኩት። ሳቀብኝ። «ይሄ ሽማግሌ?»

ሽማግሌ! ያኔ 39 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ሲወጣ 50 ሞልቶታል። ሰውየው ተራ ጠብቆ ጠብቆ፣ ሲደርሰው የልጁ ቦታ አልፎበት የመካሪውን ወሰደ።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ታሪኩን ልጻፍላችሁ። የሳትኩት ካለ አርሙኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ፊልሙ የተቀዳው ከጌም ነው፤ ጌሙ የወጣው በ2007 መጨረሻ ነው። ናቲ ዶግ የሚባለው የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ለፕሌይስቴሽን 3 ሠራው። በዓመቱ፣ በ2008፣ አቪ አራድ የተባለው ፕሮዲውሰር ከሶኒ ጋር ሆኖ ፊልም ሊያደርገው እንደሆነ ተሰማ። ቶም ሆላንድ በዚያ ሰሞን የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ከኔ ወንድም ያንሳል ማለት ነው።

በ2010 ዴቪድ ኦ. ራስል መጣ። ጎበዝ ዳይሬክተር ነው፤ ዋልበርግንም ይዞ ነው የመጣው። ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው ፊልም ግን ሌላ ነው። በጥንታዊ ቅርስና በሥዕል ንግድ ዓለም የሚፈራ አንድ ትልቅ ቤተሰብ፣ ከአገር መሪዎችና ከሙዚየም ኃላፊዎች ጋር የሚደራደር፣ ፍርድ የሚሰጥ። ዋልበርግ ደግሞ ሮበርት ደኒሮና ጆ ፔሺ አባትና አጎት ሆነው ቢገቡ እያለ ያወራ ነበር። ጌሙን የተጫወታችሁ ፍረዱኝ። ዋናው ልጅ ኔት ድሬክ ምን ቤተሰብ አለው? የልጁ ነገር ሁሉ ያለው ማንም የሌለው መሆኑ ላይ ነው። አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ቀለበት፣ ኪሱ ውስጥ የምትገባ ማስታወሻ ደብተር፣ በቃ። ደጋፊው ተንጫጫ፣ ፊርማ ተሰባሰበ። ራስል በ2011 ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው የታክሲ ወረፋ ነው። ኒል በርገር ገባ፣ በ2012 ሌላ ፊልም ይዞ ወጣ። ሴት ጎርደን በ2014 ገባ፣ በ2015 ወጣ። ሾን ሌቪ በ2016 ገባ፣ በ2018 መጨረሻ ወጣ። ዳን ትራክተንበርግ በ2019 ጥር ገብቶ በነሐሴ ወጣ። ትራቪስ ናይት በዚያው ዓመት መስከረም ገብቶ በታኅሣሥ ወጣ። ከራስል ጋር ስድስት ሰው። እያንዳንዱ ሲገባ እስክሪፕቱ እንደ አዲስ ይነካካል፤ የጸሐፊዎቹን ስም ልዘርዝር ብል ይነጋብኛል።

ቀኑም እንደዚሁ። በሰኔ 10፣ 2016 ይወጣል ተባለ። ወደ ሰኔ 30፣ 2017 ተገፋ። ከዚያ ከነጭራሹ ከቀን መቁጠሪያው ጠፋ። ታኅሣሥ 18፣ 2020 ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ወደ 2021፤ እዚያው 2021 ውስጥም ወዲያና ወዲህ አሉት። በመጨረሻ ሰባተኛው ሰው ሩበን ፍላይሸር ተገኝቶ፣ በመጋቢት 2020 በርሊን ላይ ካሜራ ሊነሳ ሲል ኮሮና ገባ! ሐምሌ ላይ ተጀምሮ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቀረጻው አለቀ። የካቲት 18፣ 2022 አሜሪካ ውስጥ ወጣ።

ብዙ ሰው «የተረገመ ፊልም» ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። የገዙት ስም ነበር፣ ታሪኩን ማንም አልያዘውም። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው የሚለውን እንኳ እስከ 2017 የወሰነ አልነበረም። እሱም የተወሰነው በአጋጣሚ ነው። ሆላንድ ራሱ እንዳወራው፣ ለሶኒ ይዞ የሄደው የወጣቱን የጄምስ ቦንድን ታሪክ ነበር። ያ አልሆነም። «ታዲያ ወጣቱን ድሬክ ብናደርገውስ?» ወደሚል ተገለበጠ። ዘጠኝ ዓመት የጠፋው መልስ ከሌላ ፊልም ተርፎ መጣ።

ሚሚ_ፒክስል

የጎተራው፣ አተራረክህ ደስ ይላል፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። ታሪኩን የያዘ ሰው ቢኖርስ? ጌሙ ራሱ ፊልም ነው እኮ። ናቲ ዶጎች ሲሠሩት ዓይናቸው የድሮ የጀብዱ ፊልሞች ላይ ነበር፤ የኢንዲያና ጆንስ ኮፍያና አለንጋ ብቻ ነው የቀረው። ከፊልም የተቀዳን ነገር መልሰህ ፊልም ስታደርገው ካሴት ከካሴት መቅዳት ነው። ታስታውሱ እንደሆነ ሦስተኛው ቅጂ ላይ የሙሽራዋ ፊት አይለይም ነበር።

የጭነት አውሮፕላኑን ውሰዱ። ሦስተኛው ጌም ላይ ነው፣ 2011። የኋላው በር ተከፍቷል። በመረብ የታሰረው ጭነት እየተጎተተ ከአውሮፕላኑ ውጪ ሰማይ ላይ ይንጠለጠላል። አንተ እዚያ ጭነት ላይ ነህ። ከታች በረሃ ነው። ግራ አውራ ጣትህ ወደ ላይ ገፍቶ ገፍቶ ደንዝዟል፤ ልጁ ግን በቀላሉ አይወጣልህም።

እኔ የተጫወትኩት ሳሪስ ጓደኛዬ ቤት ነው። ልክ የሳጥኑን ጠርዝ ስይዝ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ቤቱ ጨልሞ፣ እኔ ጆይስቲኩን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። የጓደኛዬ እናት ሻማ ይዘው ሲገቡ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያላበሽ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከአውሮፕላን ልወድቅ ነው ልበል?

ፊልሙ የሚጀምረው በዚሁ ትዕይንት ነው። ከጌሙ አስር እጥፍ ያምራል። እኔ ግን ቺፕስ እየበላሁ ነው ያየሁት። እጄ ደረቅ ነበር።

ስለዚህ ስድስቱም ዳይሬክተሮች አንድ ግድግዳ ላይ ነው የተጋጩት ባይ ነኝ። ከጌሙ ጆይስቲኩን ስታነሳ የሚተርፈው ከዚህ በፊት ያየነው ፊልም ነው። ራስል ቢያንስ ያንን ገብቶት ሌላ ነገር ሊያመጣ ሞከረ። ሰደባችሁት።

ቡና_በጨው

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል 14 ዓመት እንደሚፈጅ ማንም አልነገረኝም።

ባለ_መቀስ

ልጆች፣ ጌም አልጫወትም። ልጄ ሲጫወት ከኋላው ቆሜ አያለሁ እንጂ። ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ የሌላ ሰው ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ስለኖርኩ አንድ ነገር ልበል።

ከሩቅ ስታዩት ስድስት ሰው ገብቶ ስድስት ሰው ሲወጣ ሥራው የቆመ ይመስላል። አልቆመም። በሆሊውድ ያልተሠራ ፊልምም ደሞዝ ይከፍላል። ጸሐፊው እስክሪፕቱን ሲያስረክብ ይከፈለዋል፤ ፊልሙ ተሠራ አልተሠራ። እሱ ያስረከበውን ሌላ ጸሐፊ ያርመዋል፤ እሱም ይከፈለዋል። ስቱዲዮው የወጣው ገንዘብ ስለሚያሳዝነው መዝገቡን አይዘጋም። እንደ ጅምር ቤት ነው። መሠረቱ ወጥቷል፣ ብረቱ ዝጓል፣ ባለቤቱ ግን አይሸጠውም።

ዳይሬክተሩም ተባርሮ አይደለም የሚሄደው። ብዙ ጊዜ እጁ ላይ ሦስት አራት ፊልም ይይዛል። ቀድሞ አረንጓዴ መብራት የበራለትን ይዞ ይነጉዳል። ሌቪ የሄደው ሌላ ፊልም ስለተፈቀደለት ነው። ናይት የሄደው ደግሞ የሆላንድ የሸረሪት ሰው ቀረጻ ቀኑን ስለበላበት ነው። የሰው ጥፋት ከፈለጋችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ።

እኔ የማልረሳው «ሄሎ» የሚባለውን የማይክሮሶፍት ጌም ነው። ፊልም ሊያደርገው ብሎ በ2005 ማይክሮሶፍት ራሱ ጸሐፊውን አሌክስ ጋርላንድን አንድ ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ እስክሪፕት አስጻፈ። ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የጌሙን ጀግና አረንጓዴ ጥሩር ያለበሷቸውን ሰዎች እስክሪፕቱን አስይዘው በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች በር ላኩ። ሙሉ ጥሩር ለብሶ፣ የራስ ቁር አጥልቆ፣ ፖስታ ይዞ እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመ ሰው አስቡት። እዚያው ቆሞ እየጠበቀ አንብቡና መልስ ስጡ ነው ነገሩ። ሽማግሌ ልኮ ልጅ መጠየቅ ሰምቼ አውቃለሁ፤ የታጠቀ ሽማግሌ ግን ያኔ ነው የሰማሁት።

አብዛኞቹ መለሷቸው። ዩኒቨርሳልና ፎክስ አብረው ያዙት። ፒተር ጃክሰን ፕሮዲውሰር ሆነ፤ ኒል ብሎምካምፕ የሚባል ገና ትልቅ ፊልም ያልሠራ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ዳይሬክተር ሆነ። በኒውዚላንድ የጌሙ መኪና ሳይቀር ተሠርቶ ይነዳ ነበር። በጥቅምት 2006 ፈረሰ። ምክንያቱ ታሪክም ተዋናይም አይደለም፤ ከትኬቱ ገቢ ለማን ስንት ይድረስ የሚለው ነው። ስቱዲዮዎቹ ድርሻችሁን ቀንሱ አሉ፣ እነ ማይክሮሶፍት እምቢ አሉ፣ አለቀ።

ጃክሰን ልጁን አልጣለውም። «ሌላ ነገር እንሥራ» ብሎ በ30 ሚሊዮን ዶላር «ዲስትሪክት 9»ን አሠራው። በ2009 ወጣ፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገባ፣ ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጨ። የፈረሰው ፊልም የወለደው ፊልም ነው።

ቦሌ_ሌሊት

ጋሼ፣ የ«ሄሎ» ገብቶኛል። ማይክሮሶፍት የኮምፒውተር ድርጅት ነው፤ ፊልም ለመሥራት ሰው ደጅ መጥናት ነበረበት። የ«አንቻርትድ» ግን አይገባኝም። ጌሙን የሠራው ናቲ ዶግ የሶኒ ነው። የሚጫወቱበት ዕቃ የሶኒ ነው። የፊልም ስቱዲዮውም የሶኒ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ አይደል?

ባለ_መቀስ

መልካም ጥያቄ ነው ልጄ። የምመልስልህ በግምት ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበርኩም።

የሰው ንብረት ስትዋስ ቀን አለህ። በዚህ ጊዜ ካልጀመርክ መብቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል የሚል ውል አለ። ያ ውል ያስቸኩላል። አንዳንዱ መጥፎ ፊልም የተሠራው መብቱ እንዳያመልጥ ተብሎ ነው። የራስህ ከሆነ ግን ማን ይነጥቅሃል? ለነገ ይደር። ለከርሞ ይደር። የጎረቤት መጥረቢያ ቶሎ ይመለሳል፤ የራስህ ጓሮ ውስጥ ዝናብ ይመታዋል።

ደግሞ አንድ ስም ስለያዙ አንድ ቤት አይምሰልህ። ጌም የሚሠራውና ፊልም የሚሠራው ሰፈራቸውም አለቃቸውም ለየብቻ ነው። በ2019 ፕሌይስቴሽን ፕሮዳክሽንስ የሚባል የራሳቸው ክፍል ተቋቋመ። የጌሙ ሰዎች ፊልሙ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የጀመሩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አልሞላም፣ ፊልሙ ወጣ። የክፍሉ የመጀመሪያ ፊልም እሱ ነው።

ሻርጃ_ነኝ

እኔ በወጣበት ሳምንት ሲኒማ ገብቼ ነው ያየሁት። አርብ ዕረፍቴ ነበር፣ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር። አንዱ ፊሊፒኖ ነው፤ ማጀላን የሚለውን የጥንት መርከበኛ ስም ሲሰማ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ለካ የሚፈልጉት ወርቅ መጨረሻ የሚገኘው እነሱ አገር ነው። መርከቦቹ በሄሊኮፕተር ተንጠልጥለው ሲበሩ አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። ሞኝ ነገር ነው፤ ግን ደስ የሚል ሞኝ ነገር።

ያሳቀኝ ሌላ ነው። ባርሴሎና ውስጥ በአምስት መቶ ዓመት እድሜ ቁልፍ የሚከፈት ምስጢራዊ መንገድ ተከትለው፣ ከመሬት በታች ገብተው፣ ሊሞቱ ሲሉ ተርፈው የሚወጡት የት ነው? ፓፓ ጆንስ ፒዛ ቤት! 14 ዓመት እስክሪፕት ሲጽፉ ኖረው የተገኘው መውጫ በር ፒዛ ቤት ነው።

እና የመካሪው፣ ዋልበርግ የሚሠራው የሱሊ ጺም። ጌሙ ላይ ሰውየው ያለ ጺምና ያለ ሲጋራ አይታሰብም። ፊልሙ ላይ ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ ገባ። መጨረሻ ላይ፣ ስም ዝርዝሩ ሲጀምር ለወጡ ሰዎች አዝናለሁ፤ ጺሙ የሚመጣው ያኔ ነው።

ፊሊዮን_ይገባው_ነበር

ስሜን አይታችሁ ምን ልል እንደሆነ ገብቷችኋል።

ተዋናዩን ናታን ፊሊዮንን ሕዝቡ ከ2010 ጀምሮ ድሬክ ይሁን እያለ ሲለምንለት ነበር። ፊቱ ድሬክን ነው፣ ቀልዱ ድሬክን ነው። ስቱዲዮው አልሰማም። በሐምሌ 2018፣ ሾን ሌቪ ገና በስቱዲዮው ፊልም ላይ እያለ፣ ፊሊዮንና አለን አንጋር የሚባል ዳይሬክተር ለማንም ሳይናገሩ የ15 ደቂቃ ፊልም ሠርተው ዩቲዩብ ላይ ለቀቁት። በነጻ። ሱሊን የሠራው ስቲቨን ላንግ ነው፣ ከነጺሙ። መሃል ላይ የተኩስ ትዕይንት አለ፤ ካሜራው ልክ እንደ ጌሙ ከትከሻው ኋላ ይሆናል። ያቺን ቦታ ሳያት ጣቴ ራሱ ቁልፍ ፈለገ።

አስር ዓመት ያቃተው ቢሮ ባለበት አገር 15 ደቂቃ በቂ ሆነች።

ሚሚ_ፒክስል

ያቺን ትከሻ ካሜራ ስታነሳ የኔን ክርክር እየደገፍክ ነው። የወደድከው ጌም ስለመሰለህ ነው። 15 ደቂቃ ሲሆን ደስ ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰው ትከሻ ብታይ ተነስተህ ትወጣለህ።

ደግሞ ፊሊዮንና ዋልበርግ በአንድ ዓመት ነው የተወለዱት፤ 1971። በ2022 ፊሊዮንን ዋና ቢያደርጉት የ50 ዓመት ሰው ከአውሮፕላን ይንጠለጠል ነበር። ዕድሜው ያለፈበት በእሱ ጥፋት አይደለም፤ ግን አልፏል። ጅብ ከሄደ ነው የምትጮኸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ «ባዮሾክ» የሚባለውን ጌም ታሪክ እወዳለሁ። ዩኒቨርሳል በ2008 ያዘው፣ ጎር ቨርቢንስኪ ዳይሬክተር ሆነ። ሰውየው ለልጆች የማይሆን፣ ደም ያለበት፣ ውድ ፊልም ነበር የሚፈልገው። 160 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። ስቱዲዮው በ2009 ደነገጠ፤ ለአዋቂ ብቻ የተሠራው ሌላ ትልቅ ፊልም፣ «ዋችሜን»፣ የተጠበቀውን ያህል አልሸጠም ነበርና። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ገንዘቡን በግማሽ እንቀንስ፣ ሌላ ዳይሬክተር እናምጣ አሉ። እዚህ ላይ ነው ደስ የሚለው። የጌሙ ፈጣሪ ኬን ሌቪን ትፈልገዋለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አልፈልግም አለ። ተዘጋ።

ጌሙን በእጁ ያሳደገ ሰው «ይቅር» ማለት ሲችል ይሄ ነው ክብር። በ«አንቻርትድ» ላይ ይቅር የሚል ሰው አልነበረም። የጌሙ ዋና ጸሐፊ ኤሚ ሄኒግ በ2014 ከናቲ ዶግ ወጥታለች፤ ፊልሙ ያለ እሷ ስምንት ዓመት ሄዷል።

ቡና_በጨው

ሚሚ፣ ይቅር ይቅር ካልን የእኔ ልጆች በምን ይደሰቱ ነበር? «ማይንክራፍት»ም እኮ በ2014 ነው የታወጀው። ሾን ሌቪ እሱም ላይ ነበር፤ ይሄ ሰውዬ ያልነካካው የለም መሰለኝ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። 11 ዓመት። በ2025 ሚያዝያ ወጣና ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ልጆቹ ሲኒማ ውስጥ ዶሮ የጋለበው ጭራቅ ሲመጣ ፈንዲሻ እየበተኑ ይጮኹ ነበር። የእኔ ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ደገሙት፣ በቆሎ ነው የበተኑት። እስከ ዛሬ ከሶፋው ሥር እየለቀምኩ ነው።

ዘገየ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም ለማለት ነው።

ቦሌ_ሌሊት

የዘገየና የተበላሸም አለ። «ቦርደርላንድስ»! እሱም ከጌም የተሠራ ነው። በ2015 ታወጀ፣ በ2021 ሃንጋሪ ውስጥ ተቀረጸ፣ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። በ2023 እንደገና የሚቀረጽ ክፍል አለ ሲባል ዳይሬክተሩ ኤሊ ሮት ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ ቲም ሚለር ተክቶት ቀረጸ። በነሐሴ 2024 ወጣ። ከ110 ሚሊዮን በላይ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ የገባው 33 ሚሊዮን ገደማ። ኬት ብላንሼት እያለችበት!

እኔ አየሁት። አትዩት። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የጎተራው

ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኳችሁ፣ አለቃዬ ኤክሴል መስሎታል።

ሚሚ፣ የሻማዋ ነገር ግማሽ አሸንፈሽኛል። ግማሹን ግን አልለቅም። አንቺ እንደምትይው ጌሙ ቀድሞውኑ ፊልም ከሆነ፣ ሥራው ቀላል መሆን ነበረበት። ትዕይንቱ አለ፣ ንግግሩ አለ፣ ቀልዱ አለ። ያስቸገረው ያንን ማድረግ ማንም አለመፈለጉ ነው። ዳይሬክተር የሚባል ሰው የሌላ ሰው ካሴት ለመቅዳት ሥራ አይገባም። በርገር የራሱን ይዞ ገባ፣ ሌቪ የራሱን ይዞ ገባ። በመጨረሻ የሠራው ፍላይሸር ነው፤ እሱ ያደረገው ምንድን ነው? ከጌሙ አውሮፕላኑን ወሰደ፣ ከአራተኛው ጌም የጠፋ ወንድም ወሰደ፣ የሁለቱን ሰዎች መተዋወቅ ወሰደ፣ ቶሎ ቶሎ ቀረጸ። ትልቅ ነገር ለመሥራት አልተነሳም። 120 ሚሊዮን ወጥቶበት ከ400 ሚሊዮን በላይ ገባ። ተቺዎቹ ብዙም አልወደዱት፤ ተመልካቹ ወደደው።

ለዚህ ነው ስድስቱን መሳደብ የማልፈልገው። ሰባተኛው ከእነሱ ስለበለጠ አይመስለኝም የጨረሰው። እሱ ሲመጣ ተዋናዮቹ ተይዘዋል፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ የበርሊኑ ስቱዲዮ ተዘጋጅቷል። ሰው ሁሉ ደክሞታል። የቀረው መኪናውን መንዳት ብቻ ነበር።

ሻርጃ፣ የፒዛ ቤቱን ነገር እኔም አይቼ ለወንድሜ ማብራሪያ ልሰጥ ስል «ማስታወቂያ ነው፣ አውቃለሁ» ብሎ አሳፍሮኛል። የዛሬ ልጆች።

ጋሼ ባለ መቀስ፣ ስለ ጅምር ቤቱ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ሰፈር አንድ አለ፤ ከእንግዲህ ሳልፍ ሾን ሌቪ ነው የምለው።

ባለ_መቀስ

አሜን ልጄ። አንድ ነገር ብቻ። «ቶሎ ቶሎ ቀረጸ» ብለህ አታቅልለው። በዚያ ኮሮና ጊዜ፣ አፍ ተሸፍኖ፣ ሰው በየቀኑ እየተመረመረ፣ ከበርሊን ስፔን ተሂዶ ሦስት ወር ተኩል ውስጥ መጨረስ ቀላል አይደለም። መኪናውን መንዳት ብቻ አልክ። መንገዱ የተዘጋ ነበር እኮ።

ሻርጃ_ነኝ

ጋሼ ልክ ናቸው። ደግሞ አንድ የረሳችሁት አለ። ኔትና አብራው ወርቁን የምትፈልገው ክሎዊ ከሰማይ ወድቀው ባሕር ዳር ሲወጡ ወንበር ላይ ተጋድሞ ፀሐይ የሚሞቅ ሰውዬ አለ። አይቷቸው ይሄ ነገር አንዴ በእኔም ላይ ደርሷል ዓይነት ነገር ይላቸዋል። ኖላን ኖርዝ ነው። በጌሙ ሁሉ የድሬክ ድምፅ እሱ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ፊሊፒኖው ጓደኛዬ «ምን ሆንክ?» አለኝ። እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ያ ሰውዬ እኮ እውነቱን ነው።

ፊሊዮን_ይገባው_ነበር

የጎተራው፣ ወንድምህ ጌሙን ተጫውቷል ወይስ ፊልሙን ብቻ ነው ያየው? ካልተጫወተ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ላይ አሉ፤ በ2015 የወጣው ነው። ከሁለተኛው ያስጀምረው። የመጀመሪያው አሁን ያረጀ ነው።

የጎተራው

ትናንት ከጓደኛው ተውሶ አመጣው። እናንተ ስትከራከሩ እሱ እየተጫወተ ነው። ማስጀመሪያ ምክር አልሰማም፤ አውሮፕላኑ የቱ ላይ ነው ብሎ ጠይቆ ቀጥታ ሦስተኛውን ከፈተ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት አደረ።

አሁን ደወለልኝ። ደርሶበታል። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ጌሙ እኮ ፊልሙን ኮርጇል።»

ሚሚ_ፒክስል

ጆይስቲኩን ቀማው።